ወሬ ያልያዘ መኪና

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው በፍሪጅ ጥገና መተዳደሩ ራሱ ያስቃል። እኛ ዘንድ ውኃ ማቀዝቀዝ የፈለገ ሰው ጆጉን መስኮት ላይ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ጥርሱ ይነግረዋል። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት በዚሁ ሥራ ነው። የምጠግነውም የለስላሳና የሥጋ ፍሪጅ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው ክትባት የሚቀመጥበትን ነው። ባለፈው ዓመት ከጅግጅጋ ወዲያ፣ ከአውበሬም አልፎ፣ ጌድዌይን በምትባል ቀበሌ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ እንድተክል ተላክሁ። ይህን የምጽፈው ጎረቤቶቼ "እንዴት ነበር?" ባሉኝ ቁጥር ታሪኩን ከመሀሉ መጀመር ስለሰለቸኝ ነው። አብዛኞቻችሁ እዚያ የምትሄዱበት ጉዳይ ስለማይኖራችሁ ከመንገዱ ልጀምርላችሁ።

ማክሰኞ

ባለቤቴ አስካለ ጋቢ፣ ሹራብና አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ አስይዛ ሸኝታኛለች። "በረሃ ነው እኮ የምሄደው" ብላት "ብርዱ አንተን አያጣህም" አለችኝ። ከአዲስ አበባ ጎሕ ሳይቀድ የተነሳው አውቶቡስ የጨርጨርን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ሐረርን ከሰዓት በኋላ አለፈ። ከባቢሌ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተከመረበት ሸለቆ አለ፤ እያንዳንዱ ቋጥኝ አሁን ይወድቃል እያልኩ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ። የማርዳን ተራራ ወጥተን ስንወርድ የጅግጅጋ ሜዳ ፊታችን ተዘረጋ። የኛ አገር ሜዳ የቱንም ያህል ቢሰፋ መጨረሻው ላይ ገደል ይጠብቅሃል። ይኸኛው ዳር የለውም።

ከአውቶቡሱ ስወርድ ነፋስ ኮፍያዬን ወሰደው። አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ያዘልኝና እሱው ሆቴል አደረሰኝ። የሆቴሏ ባለቤት ወይዘሮ ፎዚያ አልጋዬ ላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አስጨመረችልኝ። ያም ሆኖ የአስካለ ጋቢ አስፈልጎኛል፤ ለእሷ ግን እንዳትነግሩብኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ፍሪጁን ከመጋዘን ለማውጣት ፊርማና ማኅተም ስከታተል ዋልኩ። ጸሐፊዋ የወለጋ ልጅ፣ ፈራሚው የጅግጅጋ ሰው፣ መጋዘን ጠባቂው ደግሞ ከጎንደር የመጣ ነበር፤ ሦስቱም ሻይ ጋበዙኝ። ወይዘሮ ፎዚያ ጾመኛ መሆኔን ሳልነግራት አውቃ ሩዝ በቲማቲም ስጎ አቀረበችልኝ፣ ጎኑ ላይ አንድ ሙዝ አለበት። ሙዙን ለመጨረሻ ብዬ ወደ ዳር ስገፋው "አብሮ ነው የሚበላው" አለች። ሙዝ በሩዝ መብላት ለኔ ሽሮ በስኳር እንደ መብላት ነበር። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ቤቴ ተመልሼም አንድ ቀን ሞክሬው ልጆቼ ስቀውብኛል።

ከሰዓት ሾፌሬን ተዋወቅሁ። ሙሴ ይባላል፤ ስድሳ የሚጠጋው፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ረጅም ሰው ነው። "እርስዎ ነዎት የሚወስዱኝ?" ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ፈለገ። "እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ኢንጂነር። አንተ በለኝ" አለ። ኢንጂነር አለመሆኔን ብነግረውም እስክንለያይ ድረስ አልተወኝም።

ሐሙስ

ፍሪጁን ፒክአፑ ላይ አቁመን በገመድ ጠፍረን በጠዋት ተነሳን። ኬላ ላይ የቆመው ወታደር "ለቢራ ነው?" ብሎ ቀለደ። የመንዝ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ የክትባት መሆኑን ሲሰማ ግን ቀልዱን ትቶ ገመዱን ራሱ አጠባበቀልን።

አሁን ስለ ማቆም ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ሙሴ ሰው ባየ ቁጥር ያቆማል። ግመል የሚነዳ ሽማግሌ ካየ ያቆማል። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ካየ ያቆማል። ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ሁለቱም ይቆሙና በመስኮት ያወራሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከዚያ ከየት እንደመጣን፣ የት እንደምንሄድ፣ ምን እንደያዝን፣ የት ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ልጅ እንዳገባ ይነገራል። ከዚያ ሌላው በተራው ይናገራል። እኛ አገር መንገድ ላይ የሚገናኙ ሰዎች "እንዴት አደርክ" ተባብለው ሳይቆሙ ይተላለፋሉ፤ ከዚያ የበለጠ ያወራ ሰው ሥራ ፈት ነው። ስምንት ጊዜ ከቆመ በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። "ሙሴ፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል?" አልኩት። "ሰው እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?" ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

የአውበሬን መንገድ ስናጋምስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሶላር ሰሌዳው የሚታሰርበትን የብሎንና የዳዶ ከረጢት ሆቴሉ አልጋ ሥር ረስቼዋለሁ። ያለ እሱ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ነው። ለሙሴ ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ወይዘሮ ፎዚያን አነጋገረ፤ መንገዱን ግን አልቀየረም። አውበሬ ገብተን ምሳ ስንቀመጥ የጫት መኪና ሾፌር ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገልኝ። አውበሬ መግቢያ ላይ ቆመን ስናወራ እንደ ጥይት ያለፈን መኪና የኔን ብሎን ይዞ ነበር። የላከችውም ያመጣውም ምስጋና ሲሰሙ ግራ ገባቸው።

ከአውበሬ ጤና ጣቢያ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ተረክበን ከሰዓት በኋላ ጌድዌይን ደረስን። ትልቅ ግራር፣ አንድ የጤና ኬላ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከቅርንጫፍና ከምንጣፍ የተሠሩ ጎጆዎች፣ በቃ ይኸው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሆዳን በር ላይ ተቀበለችን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከሃያዎቹ አጋማሽ ያላለፈች ልጅ ናት። "እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ?" አለችኝ።

ስለ ጉልበቴ የነገርኩት ሰው የለም። እናቷ ሀሊማ ቤት ስንገባ ደግሞ መሬት ከተነጠፈው ምንጣፍ አጠገብ አንድ ዱካ ለኔ ተቀምጧል። ሀሊማ ትኩስ ወተት በጣሳ ሰጠችኝና ሆዳን ተረጎመችልኝ፦ "የፍየል ነው። ሀበሻ የግመል ወተት አይጠጣም ብለዋታል። ፍየሏን ከጎረቤት ነው ያመጣችው።" ሙሴ ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ጉልበቴን ሳሽ አይቶኝ ነበር። ከዚያ ወሬው ከኛ ቀድሞ በመኪና፣ በግመልና በእግር፣ ከሰው ወደ ሰው መጥቶ ወተቴን አፍልቶ ጠበቀኝ። ይህን እያየሁም አልገባኝም። አንዳንዴ ሰው ለመማር ሁለት ጊዜ መመታት አለበት።

ዓርብ

ሰሌዳውን ጣሪያ ላይ ስናወጣ የመንደሩ ወንዶች ሳይጠሩ መጡ። ለጁምዓ ሲሄዱ ሥራው ቆመ፤ ሲመለሱ ቁጥራቸው እጥፍ ሆኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ድምፁን አሰማ። ሆዳን እጇን ፍሪጁ ጎን ላይ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ እንደምትዳብስ፣ ቆመች።

እሷ የነገረችኝን እንዳለ ላስቀምጥ። "እህቴ ሳህራ ልጅ ነበራት" አለች። "ክትባት ከአውበሬ ይዤ ስመጣ መኪናው ተበላሸ። ሌላ እስኪገኝ በረዶው ቀለጠ። እናቶቹን ጠርቼ ስለነበር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ሳጥኑን ስከፍት ውኃ ነው፤ ተመለሱ አልኳቸው። ሳህራም ልጇን አዝላ ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ኩፍኝ ገባ፤ ልጇን ወሰደብን።"

አሁን ሳህራ ሌላ ልጅ አላት። ኢክራም ትባላለች፤ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበት ዘጠኝ ወር ሞልቷታል። ነገር ግን የሳህራ ቤተሰብ ሰኞ ከቀትር በኋላ ግመሉን ጭኖ ዝናብ ወደ ጣለበት ሊጓዝ ነው። ከሄዱ የሚመለሱበት ቀን አይታወቅም፤ በሚሄዱበትም ክትባት የለም። "ታዲያ ለምን አሁኑኑ አትጠሪያቸውም?" አልኳት።

"ቴርሞሜትሩ ሳይናገር አልጠራም" አለች። "አንዴ ጠርቼ በባዶ መልሻቸዋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ብሳሳት ማን ይሰማኛል?"

ቅዳሜ

ቀኑ ሙሉ መጠበቅ ነበር። ሆዳን በየሰዓቱ ቴርሞሜትሩን አየች። አሥራ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ሰባት። የቀበሌው ሰው እየተፈራረቀ እየመጣ ፍሪጁን ጎበኘ፤ አንዲት ባልቴት እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ሳቁና የሆነ ነገር አሉ። "አንተ ከዚህ ውስጥ ነው የመጣኸው? ይላሉ" አለችኝ ሆዳን። ደብረ ብርሃንን አላዩም እንጂ ብዙም አልተሳሳቱም። ከሰዓት በኋላ አራት ዲግሪ ላይ ቆመ። ክትባቱን ከሳጥኑ አውጥተን አስገባን፤ ሆዳን በሩን ዘጋችና ዘወር ብላ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ በማግስቱ ክትባቱን ይዘን ቢርካው ዘንድ እንሄዳለን። ቢርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ ለሦስት ሰፈሮች መሀል ላይ ይገኛል። እኔና ሙሴ በመኪና ዙሪያውን በሦስቱ ሰፈሮች በኩል፣ ሆዳን አንዲት ታማሚ ካየች በኋላ በእግር በአቋራጭ።

እሑድ

እዚህ ጋ የኔ ጥፋት ይጀምራል። ፍሪጁ ገና የራሱን በረዶ አልሠራም። የያዝኩት ከአውበሬው ሳጥን የተረፈውን ነው፤ እሱም መላብ ጀምሯል። የክትባቱን ትንሽ ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ፀሐዩን ሳይ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፦ ሙሴ ሦስት ቦታ ሻይ ሲጠጣ።

"ቀጥታ ወደ ቢርካው" አልኩት።

"ሆዳን በሰፈሮቹ ዙሩ ብላለች።"

"በኋላ እንዞራለን። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ሙሴ። መድኃኒቱ በኔ ኃላፊነት ነው።"

ሙሴ አንድ ጊዜ አየኝ። "እሺ፣ ኢንጂነር" አለና ነዳ። እንግዳ ስለሆንኩ አልተከራከረኝም። የመጀመሪያውን ሰፈር ስናልፍ ከዛፍ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ቀና ብለው አዩን፤ እኔም እጄን አወዛወዝኩላቸው። ያን እጄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቢርካው ዘንድ ሁለት ሴቶችና ሦስት አህዮች ነበሩ። ጠበቅን። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ። ሆዳን ላቧን እየጠረገች ስትደርስ ግራና ቀኝ አየች። "ሰዎቹስ?" አለች። ወደ ሙሴ ዞረች፤ ሙሴ እኔን አየ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ጋሼ፣ ሰው ሳይነገረው በምን ያውቃል?" አለች። ስልክ እንደሆነ ከጤና ኬላው ጀርባ ካለው ኮረብታ ጫፍ ሌላ የሚሠራበት የለም። ዙሩ የሻይ ዙር አልነበረም፤ ጥሪው ራሱ ነበር።

ሃያ ዓመት በሥራዬ ስኮራ ኖሬ ያን ቀን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሳጥኑን ወደ ፍሪጁ መልሰን እንደገና ወጣን። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ያ ፍሪጅ ባይኖር ኖሮ መመለሻም አይኖርም ነበር፤ ክትባቱ እዚያው ይበላሽና ሆዳን ለሁለተኛ ጊዜ እናቶቹን ታጣለች። ማታ የሚገባበት ቅዝቃዜ ስላለ ነገ የሚባል ቀን ቀረልን።

የመጀመሪያው ሰፈር ሽማግሌ ጃማ ይባላሉ። ሆዳን "አደር" ትላቸዋለች፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ምንጣፍ አስነጥፈው አስቀመጡን። ሙሴ መናገር ሲጀምር በእጃቸው አቆሙትና ወደኔ አመለከቱ። "ወሬውን ባለቤቱ ይንገረኝ" አሉ ሆዳን እንደ ተረጎመችው። ስለዚህ ነገርኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንት ልጆች እንዳሉኝ፣ እኛ አገር ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ሙዝ በሩዝ እንዴት እንደበላሁ፣ ብሎኔን እንዴት እንደረሳሁ፣ ፍሪጁ አራት ዲግሪ ላይ እንደቆመ። በመጨረሻም ጠዋት ሳልቆም ማለፌን ነገርኳቸው።

"አቧራህን አይተናል" አሉ። "ወሬ ያልያዘ መኪና ነው አልን። ወሬ ያልያዘ መኪና እኛን አይፈልግም፤ ስለዚህ ተውነው።"

ሻዬን ሳልጨርስ አጠገባችን የነበረች ሴት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤ አንድ ጎልማሳ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሁለተኛው ሰፈር ስንደርስ ሙዝ በሩዝ መጀመሪያ እንዳልወደድኩት፣ በኋላ ግን እንደወደድኩት ጭምር ሰምተዋል። ሦስተኛው ሰፈር ጫፍ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማ ጠበቀችን። ከሆዳን ጋር ፊታቸው አንድ ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ ሆዳን አልተረጎመችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሰኞ

ፍሪጁ የመጀመሪያ በረዶውን ሠርቶ አደረ። ቢርካው ዘንድ ስንደርስ ከሩቅ የሻሽ ቀለም በቀለም ታየ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ጥቂት ግመሎችም ጭምር። የኛን አገር ገበያ የሚያክል ሰው በአንድ ቀን ወሬ ተሰብስቧል። አደር ጃማ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰልፉን በዱላቸው ያስተካክላሉ።

ሳህራ ዘግይታ ነው የመጣችው፤ የቤታቸውን ጭነት አስራ። ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ ቆመች። እኔ አንድ ዓይኔ ብልቃጡ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ፀሐዩ ላይ ነበር። ግመሎቻቸው ከቀትር በኋላ ይነሳሉ፤ መድኃኒቱም አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ወደ ሆዳን ጠጋ ብዬ "እህትሽን አስቀድሚያት እንጂ" አልኳት።

ከመርፌዋ ቀና ሳትል መለሰችልኝ። "እህቴን ባስቀድም ነገ ወሬው ምን ብሎ ይሄዳል?"

ስለዚህ ሳህራ ተራዋን ጠበቀች። ሌሎቹ እናቶች ማን እንደሆነች ያውቃሉ፣ የደረሰባትንም ያውቃሉ። እሷ ግን ወደ እህቷ እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ተራዋ ሲደርስ ብልቃጡ ውስጥ ገና መድኃኒት አለ። ኢክራም መርፌው ሲነካት ሰፈሩን በጩኸት አናወጠች። ሆዳን ካርዱን ጽፋ ለሳህራ ሰጠች፤ ሳህራ ካርዱን ልቧ አጠገብ ካለው ልብሷ ውስጥ ከተተችው። በዚያች ልጅ ጩኸት የደስታ እንባ እንደመጣብኝ አልደብቅም። ሙሴም አፍንጫውን ጠርጎ አቧራውን ወቀሰ።

የመልሱን መንገድ አላስረዝምባችሁም። ሀሊማ ለአስካለ ሽቶ ያለው ዕጣን ቋጥራ ሰጠችኝ። ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ ሙሴ የመጀመሪያውን ሽማግሌ ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ አየኝ። "አቁም እንጂ" አልኩት። ጅግጅጋ ሲመሽ ደረስን፤ ቀድመን ብንደርስ ምን እንሠራ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ሆዳን ኮረብታው ላይ ወጥታ ትደውልልኛለች። ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ጉልበቴን ትጠይቃለች። አስካለን ትጠይቃለች። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የጎረቤታቸው ፍየል መንታ እንደወለደች፣ ሙሴ ጺሙን እንደገና እንዳቀላ ትነግረኛለች። ድሮ ቢሆን "ፍሪጁስ?" ብዬ አቋርጣት ነበር። አሁን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተደላድዬ እቀመጣለሁ፤ አስካለም ወሬው ሲረዝም ወንበር ስባ ትመጣለች።

በቀደም ስትደውል ኢክራም መራመድ መጀመሯን ነገረችኝ። ከሩቁ የግጦሽ አገር በሰው አፍ ተቀባብሎ የመጣ ወሬ ነው። ያ አካባቢ ኩፍኝ ደርሶበት ነበር፤ የኛዎቹን ልጆች አልነካም። ከዚያ ልትዘጋ ስትል ደንገጥ አልኩ፤ ስለ ፍሪጁ አንድም ቃል አልተናገረችም።

"ሆዳን፣ ፍሪጁስ?"

"እሱማ እንደ ሁልጊዜው አራት ነው" አለች። "እሱ እኮ አሁን ወሬ አይደለም፣ ጋሼ።"

በዕድሜዬ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ የምስክር ወረቀትም ግድግዳዬ ላይ አለ። እንደዚያች ቃል ግን ያኮራኝ የለም።